በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር፦ አለካኩ፣ አነባበቡና ሲዛባ የሚደረገው

«ማታ ምንም ሳልበላ ተኝቼ ጠዋት ስኳሬ እንዴት ከፍ ይላል?» ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መሣሪያውን ይጠረጥራል። ቀጥሎ እራቱን ይቀንሳል። ቁጥሩ አሁንም አልወርድ ሲለው መለካቱን ይተወዋል። ስህተቱ ግን ከመነሻው ነው፤ የጠዋቱ ቁጥር ስለ እራት የሚናገረው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በዋናነት የሚናገረው ጉበት ሌሊቱን ምን ያህል ስኳር ወደ ደም እንደለቀቀና ኢንሱሊን ያንን ምን ያህል እንደገታው ነው።

ይህ መመሪያ በቤት ውስጥ በጣት መለኪያ ለሚለኩ፣ ለላቦራቶሪ ምርመራ ለሚዘጋጁና ረጅም ሰዓት ለሚጾሙ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይከተሉ። የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለው ወደ ልኬቱ አይሂዱ፤ ቁጥሩን የሚያስነብበው እሱ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ ያለ ሐኪም ምክር የማይጾሙ ሰዎች

ከሚከተሉት አንዱ የሚመለከትዎ ከሆነ፣ ከተለመደው የሌሊት ባዶ ሆድ ያለፈ ጾም ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፦

- ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ቆሽትን አስገድደው ኢንሱሊን የሚያስመነጩ ክኒኖች የሚወስዱ
- ስኳርን በሽንት የሚያስወጡትን ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ
- እርጉዝ የሆኑ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው
- ከዚህ ቀደም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ፣ ወይም ሲወርድ የማይታወቃቸው

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉም ይቀድማል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ዛሬ ስለማልበላ ኢንሱሊን አያስፈልገኝም» ብሎ መርፌውን ፈጽሞ መተው የለበትም። ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር ማፍሰሱን አያቆምም፤ የሚገታው ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩም፣ ጉበት ከስብ የሚሠራው ኬቶን የተባለው አሲድም እየጨመረ ሄዶ ለሕይወት ያሰጋል። መጠኑን መቀነስ የሐኪም ሥራ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማቋረጥ ግን የማንም ምርጫ አይደለም።

## ደረጃ 1፦ ሰውነት በየሰዓቱ የሚሠራውን ይወቁ

በአንድ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት የሚገኘው ስኳር ከ4 እስከ 5 ግራም ብቻ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንጎል ብቻውን በሰዓት 5 ግራም ያህል ይጠቀማል። የሚተካው ባይኖር ኖሮ በደም ያለው ስኳር አንድ ሰዓት እንኳ አያደርስም ነበር። ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ በሰላም ይነሣል። ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው፦

1. ከምግብ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ገደማ። ስኳሩ የሚመጣው ከአንጀት ነው። ኢንሱሊን ከፍ ይላል፤ ጉበትና ጡንቻ የተረፈውን ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት አድርገው ያስቀምጡታል።

2. ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋት። ኢንሱሊን ይወርዳል፤ ከዚያው ከቆሽት የሚመነጨው ግሉካጎን ይነሣል። ጉበት እንደ ጎተራ ተከፍቶ ግላይኮጅኑን ወደ ስኳር እየመለሰ ወደ ደም ይለቃል። ጉበት የሚይዘው ወደ 100 ግራም ነው። ጡንቻ የዚህን ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ ነገር ግን ስኳሩን መልሶ ወደ ደም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሌለው የያዘውን የሚጠቀመው ለራሱ ብቻ ነው።

3. ጎን ለጎን። ጉበት ከሌላ ነገር አዲስ ስኳር ይሠራል፦ ጡንቻና ቀይ የደም ሴሎች ስኳር ሲጠቀሙ ከሚተርፈው ላክቴት፣ ስብ ሲፈርስ ከሚወጣው ግሊሰሮልና ከፕሮቲን ክፍልፋዮች። ሰው ጠዋት ሲነሣ ከጉበቱ ከሚወጣው ስኳር ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

4. ወደ 24 ሰዓት ሲቃረብ። የጉበት ግላይኮጅን ሊያልቅ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ሥራው በአዲስ የሚሠራው ስኳር ላይ ይወድቃል፤ ኩላሊትም ማገዝ ይጀምራል።

5. ከ2 እስከ 3 ቀን። ከስብ የሚሠራው ኬቶን በደም ውስጥ በርክቶ አንጎል በከፊል በእሱ መኖር ይጀምራል። የስኳር ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ጡንቻ ከመፍረስ ይተርፋል። ቀይ የደም ሴሎች ግን ኬቶንን የሚያቃጥለው የሴል ክፍል (ማይቶኮንድሪያ) ስለሌላቸው እስከ መጨረሻው ስኳር ይፈልጋሉ።

### የመከላከያው ቅደም ተከተል

ስኳር መውረድ ሲጀምር ሰውነት የሚወስዳቸው እርምጃዎች ተራ አላቸው። ወደ 80 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲጠጋ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይቀንሳል። ከ70 ዝቅ ማለት ሲጀምር ግሉካጎንና አድሬናሊን ይነሣሉ፤ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ይከተላሉ። ወደ 55 ሲደርስ ሰውየው ራሱ ይሰማዋል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ። ወደ 50 ሲወርድ ማሰብ ይከብዳል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች አያልፍም፤ ለዚህም ነው ጾሙ ሳይታወቀው የሚያልፈው።

ለረጅም ዓመታት ኢንሱሊን የወጋ ሰው ላይ ግን የሚሰበሩት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የተወጋ ኢንሱሊን ስኳር ስለወረደ ብሎ አይቀንስም። ግሉካጎንም እንደ ቀድሞው አይነሣም። አንዱን የማይነካው ጾም ሌላውን ሆስፒታል የሚያደርሰው በዚህ የተነሣ ነው፤ የጽናት ጉዳይ አይደለም።

## ደረጃ 2፦ ከማታው ይዘጋጁ

1. ሰዓቱን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በባዶ ሆድ የሚባለው ልኬት ቢያንስ 8 ሰዓት ካሎሪ ሳይገባ መቆየትን ይጠይቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚለኩ ከሆነ የመጨረሻውን ጉርሻ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይጨርሱ፤ 10 ሰዓት ይሆንልዎታል። «ይበልጥ ትክክል እንዲሆን» ብለው 16 ሰዓት አይቆዩ፤ ያ ሌላ ልኬት ነው።

2. እራትዎን አይቀይሩ። የሚፈልጉት የዘወትር ቁጥርዎን እንጂ ለምርመራ የተዋበ ቁጥር አይደለም። ለአንድ ምሽት ተርቦ ሐኪምን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ የሚጎዳው ግን ራስን ነው።

3. አልኮል አይጠጡ። ጉበት አልኮሉን ሲያቃጥል አዲስ ስኳር መሥራቱ ይታፈናል። በኢንሱሊን ወይም በግሊበንክላማይድ ላይ ያለ ሰው ባዶ ሆዱን ጠጥቶ ቢተኛ ስኳሩ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ እያለ ሊወድቅ ይችላል። ያየው ሰው ሰክሮ ነው ብሎ ያልፈዋል።

4. ውኃ ይጠጡ። ውኃ ጾሙን አያፈርስም። ያለ ስኳር የተፈላ ሻይና ቡና፣ ማስቲካና ሲጋራ ግን እስኪለኩ ይቆዩ።

5. መሣሪያዎቹን አንድ ላይ ያድርጉ። መለኪያው፣ ስትሪፑ (ደሙን የሚስበው ስስ ቁራጭ)፣ አዲስ መውጊያ መርፌ፣ ጥጥ፣ ማስታወሻ ደብተር። የስትሪፑን የማብቂያ ቀን ይዩ። ብልቃጡ ሌሊቱን ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ እርጥበት ገብቶታል፤ አይመኑት።

6. ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ እንደ ጭማቂ ያለ ፈጣን ስኳር ከአልጋዎ አጠገብ፣ እጅ ዘርግተው በሚደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።

## ደረጃ 3፦ ጠዋት ይለኩ

ከአልጋ እንደወረዱ ብዙ ሳይቆዩ፣ ከቡና፣ ከእንቅስቃሴና ከመድኃኒት በፊት ይለኩ።

1. እጅዎን በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ከሁሉም በላይ ልኬት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብርቱካን የላጠ ጣት በዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ቆዳው ላይ የቀረው ጭማቂ ግን ከደም ጠብታዋ ጋር ተቀላቅሎ የጤነኛን ሰው ቁጥር ከ200 በላይ ሊያወጣው ይችላል። በአልኮል የረጠበ ጥጥ ይህን ጭማቂ በደንብ አያነሣም፤ ሳሙናና ውኃ ያነሣል። እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል።
2. እጅዎን ለአፍታ ወደ ታች ያንጠልጥሉ፤ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይሹት።
3. ስትሪፑን ያውጡና ክዳኑን ወዲያው ይዝጉ። ጣትዎን ከመውጋትዎ በፊት ስትሪፑን ከመለኪያው ይሰኩ።
4. የጣትዎን ጫፍ መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ይውጉ። ሕመሙ ያንሳል፤ በቀን ሥራም አያስቸግርዎትም። መርፌውን ለማንም አያውሱ፤ የቤተሰብ አባል ቢሆንም።
5. ደሙ በራሱ ይውጣ። ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ከቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ከደሙ ጋር ይቀላቅላል። መታጠብ ካልቻሉ የመጀመሪያውን ጠብታ ጠርገው በሁለተኛው ይለኩ።
6. የስትሪፑን ጫፍ ወደ ጠብታው ያስጠጉ፤ ደሙን ራሱ ይስበዋል። ካነሰ ብለው ሌላ ጠብታ አይደርቡበት፤ በአዲስ ስትሪፕ ይጀምሩ።
7. ቁጥሩን ከነሰዓቱ ይጻፉ። ከጎኑ መጨረሻ የበሉበትን ሰዓት፣ እንቅልፍዎ እንዴት እንደነበር፣ ሕመም ወይም ጭንቀት መኖሩን ያክሉ። ቁጥሩ ብቻውን ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግርዎትም።

### ሲበላሽ

*ሁለት ጊዜ ለክተው 102 እና 111 ካገኙ* መሣሪያው አልተበላሸም። ለቤት መለኪያዎች የወጣው አይኤስኦ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ100 በታች እስከ 15 ሚሊግራም፣ ከ100 ጀምሮ ደግሞ እስከ 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ እየወጉ ደስ የሚለውን ቁጥር መምረጥ ልኬት አይደለም።

*የደም ማነስ ካለብዎ* ብዙ መለኪያዎች ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የላቦራቶሪ ውጤት ይዘው ያመሳክሩ።

*በክንድ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር* የሚጠቀሙ ከሆነ ክንዱን ተጭነው ሲተኙ ያልወረደውን ስኳር እንደወረደ ያሳያል። ሌሊት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ጎንዎን ይቀይሩና ወዲያው በጣት ያረጋግጡ።

*ስሜትዎና ቁጥሩ ካልተስማሙ* ድጋሚ ታጥበው ይለኩ። መለካት ካልቻሉና የመውረድ ምልክት ካለ እንደወረደ ቆጥረው ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

## ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ያንብቡ

አንዳንድ መሣሪያ በሚሊሞል በሊትር ያሳያል፤ በ18 ቢያባዙት ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይቀየራል። በባዶ ሆድ፦

- ከ70 እስከ 99፦ ጤናማ።
- ከ100 እስከ 125፦ ወደ ስኳር ሕመም የሚያመራ ከፍታ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ክልል ከ110 ያስጀምረዋል፤ ስለዚህ 104 ያገኘ ሰው ከሁለት ሐኪም ሁለት ቃል ቢሰማ አይደንግጥ።
- 126 እና ከዚያ በላይ፦ በላቦራቶሪ ተለክቶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም።

በጣት መለኪያ የስኳር ሕመም አለ ወይም የለም ብሎ መወሰን አይቻልም። ሕመሙ ያለባቸው አብዛኞቹ አዋቂዎች ደግሞ ጠዋት የሚያልሙት ከ80 እስከ 130 ነው፤ ለአረጋዊና ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ላቦራቶሪ ሲሄዱም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የተቀዳ ደም ሳይጣራ በቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን ስለማያቆሙ ቁጥሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ደሙ ወደ ሩቅ ቦታ የሚላክ ከሆነ በምን ቱቦ እንደሚቀዳና መቼ እንደሚሠራ ይጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ የጠዋቱ ቁጥር ከፍ ሲል

መጀመሪያ መንስኤውን ይለዩ። ለሦስት ሌሊት ያህል በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ሲተኙ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ እና ሲነሡ።

ሲተኙ 120፣ ሌሊት 118፣ ጠዋት 160። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ የእድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል ሰውነትን ለመቀስቀስ ይነሣሉ፤ ጉበትም ስኳር ይጨምራል። ጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ጨምሮ ያስተካክለዋል፤ የስኳር ሕመም ያለበት አይችልም። እዚህ ላይ እራት መቀነስ አይፈውስም። መፍትሔው የመድኃኒቱ ዓይነትና ሰዓት ላይ ነው።

ሲተኙ 200፣ ሌሊት 195፣ ጠዋት 200። ጉዳዩ የተጀመረው ከመተኛትዎ በፊት ነው። የእራቱን መጠንና ሰዓት፣ የማታውን መድኃኒት ይመርምሩ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 60። ይህ አደገኛው ነው። ወዲያው ደረጃ 6ን ይፈጽሙ፤ ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢያገኙትም መድኃኒት እንዳይጨምሩ። ሌሊት የሚወርድበት ሰው የጠዋቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ኢንሱሊን ሲጨምር የሚቀጥለው ሌሊት ይብሳል። በዚያው ቀን ሐኪምዎ ጋር ይደውሉ።

ሦስቱንም ካልመሰለ ኢንፌክሽን፣ ሕመም ወይም እንቅልፍ ማጣት ይፈልጉ።

## ደረጃ 6፦ ስኳር ሲወርድ

ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙ እዚያው ያበቃል። «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። ከ300 በላይ ሲሆንም እንዲሁ ያቁሙ።

1. 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው፣ ወይም 150 ሚሊሊትር ያህል ጭማቂ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ። ቸኮሌት አይብሉ፤ ስቡ ያዘገየዋል። አካርቦዝ የተባለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ተራ ስኳር ቶሎ ስለማይፈርስ ንጹሕ ግሉኮስ ያስፈልግዎታል።
2. 15 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት።
3. ሲነሣ ምግብ ይብሉ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።
4. ከ54 በታች ከሆነ ስኳሩን እየወሰዱ ሰው ይጥሩ።
5. ካገገሙ በኋላ 45 ደቂቃ ሳይሞላ መኪና አይንዱ፤ አንጎል ከቁጥሩ ኋላ ይቀራል።

ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፤ ስኳር ውኃም ሆነ ማር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ ያስተኙት፤ ግሉካጎን ካለና አወጋጉን ከተማሩ ይውጉት፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። ግሉካጎን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ባለው ግላይኮጅን ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የጾመ ወይም አልኮል የጠጣ ሰው ላይ ሊደክም ይችላል። መርፌ ተወጋ ብለው ጉዞውን አያዘግዩ።

ግሊበንክላማይድና መሰሎቹ ያወረዱት ስኳር አንዴ ቢነሣም ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ ኩላሊቱ የደከመን ሰው በዚያ ሌሊት ብቻውን አያስተኙት። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡት ቤታ ብሎከር መድኃኒቶች ደግሞ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቃሉ፤ ላብ ግን አይደብቁም። ያልታሰበ ላብ ካዩ ይለኩ።

ምንም መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው በረጅም ጾም ከ70 ትንሽ ዝቅ ቢልና ምንም ካልተሰማው በሽታ አይደለም። ነገር ግን ምልክት ታይቶበት፣ በዚያው ሰዓት ሲለካ ከ55 በታች ሆኖ፣ ስኳር ሲወስድ ምልክቱ ከጠፋ ሐኪም ይይ።

## ደረጃ 7፦ ጾሙ ከአንድ ቀን ሲያልፍ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እዚህ ላይ ስኳሩን ብቻ ማየቱ አይበቃም፤ ኬቶንም ይለካ። በደም ውስጥ ከ1.5 ሚሊሞል በሊትር ሲያልፍ ለሐኪም ይደውሉ፤ 3 ሲደርስ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሕመሙ የሌለበት ሰው በጾም ላይ ኬቶን ቢገኝበት የሚጠበቅ ነው፤ ኢንሱሊኑ ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል።

ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን በሽንት ስኳር ስለሚያስወጡ የደሙ ቁጥር ጤናማ መስሎ ደሙ በኬቶን አሲድ ሊሞላ ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ ከታየ 140 የሚል ቁጥር አያዘናጋዎት፤ መድኃኒቱን በስሙ ጠርተው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጾሙን ሲፈቱ በትንሹ ይጀምሩ፤ የስኳር ሕመም ካለብዎ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ከ5 ቀን በላይ ምንም ወይም ከምንም የማይቆጠር ምግብ የበላ ሰው ግን በቤቱ ማዕድ ቀርቦ አይፍታ። ምግብ በድንገት ሲገባ ኢንሱሊን ይነሣል፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከደም ወደ ሴሎች ይሸሻሉ፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያ ምግቡን የሚወስደው የደም ምርመራ ተደርጎለት፣ ሐኪም ባለበት ነው።